የጠፋው ዴስክቶፕ

ፊንስበሪ ፓርክ ባለችው ክፍሌ አሮጌ ላፕቶፕ አለኝ፤ ቀላሉን ሉቡንቱ ጭኜበታለሁ። ባለፈው ወር የይለፍ ቃሌን ይቀበልና፣ ስክሪኑ ጨልሞ መልሶ የይለፍ ቃል ይጠይቀኝ ጀመር። ወዳጄ «ሁሉን አጥፍተህ እንደገና ጫን» አለኝ። እንዴት ተደርጎ! እናቴ ከማረፏ በፊት በስልክ የቀዳሁት ድምጿ ሌላ ቦታ የለም።

ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3ን አንድ ላይ ስጫን ጽሑፍ ብቻ ያለው ጥቁር ገጽ መጣ። የተበላሸው ዴስክቶፑ እንጂ ሊኑክሱ አይደለም ማለት ነው። ገብቼ «ዲኤፍ» ብዬ ብጠይቀው፣ ዲስኩ 100 በመቶ ሞልቷል። ዴስክቶፑ ሲነሳ ትንንሽ ፋይሎችን ይጽፋል፤ መጻፊያ ቦታ ካጣ ወደ በሩ ይመልስዎታል። «ሱዶ አፕት ክሊን» የወረዱ የፕሮግራም ጥቅሎችን ይጠርጋል፤ የግል ፋይል ግን አይነካም። ጠረግሁ፣ አጥፍቼ አበራሁት፣ ተነሳ።

መጀመሪያ ድምጿን ወደ ፍላሽ ገለበጥኩ። «በላህ ወይ?» ትላለች።