ስለ እስትንፋስና ስለ ልብ ትርታ

እስትንፋስ የሚለው ቃል ነፈሰ ካለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው፤ ነፋስም ነፍስም የሚወጡት ከዚሁ ግስ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የሥጋን ሥርዐት፥ ይኸውም እስትንፋስና ልብ አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሚመራው ነው።

ጤነኛ ሰው ዐርፎ ሳለ በ1 ደቂቃ ልቡ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል፤ እርሱም ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ነገር ግን የልብ አመታት ዘወትር እኩል አይደለም። አንባቢ ጣቱን በእጁ አንጓ ላይ አኑሮ ቀስ ብሎ ቢተነፍስ፥ አየር ሲያስገባ ትርታው ፈጠን፥ ሲያስወጣ ዘግየት ሲል ያገኘዋል። ይህ በወጣቶች ጎልቶ ይታያል፤ ዕድሜ ሲገፋ ይቀንሳል፤ ሕመምም አይደለም። ካርል ሉድቪግ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1847 (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) በመሣሪያ መዝግቦ አሳይቶታል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከአንጎል ግርጌ ተነሥቶ ወደ ልብ የሚወርድ ቫገስ የሚባል ነርቭ አለ፤ እርሱም ለልብ እንደ ልጓም ነው። አየር ስናስገባ ልጓሙ ይላላል፥ ስናስወጣ ይጠብቃል። ኢጣልያዊው ሐኪም ሉቺያኖ በርናርዲና ባልንጀሮቹ በ2001 (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) ባወጡት ጽሑፍ፥ 23 ጤነኞች ሰዎች የመቍጠሪያ ጸሎት በላቲን ሲደግሙ እስትንፋሳቸው በደቂቃ ወደ 6 ጊዜ ዝግ እንዳለ፥ የልባቸውና የደማቸው ግፊት ሞገድም ከዚሁ ጋራ እንደ ተስማማ ገልጠዋል። ይህ የሥጋን ሥርዐት ያስረዳል እንጂ የጸሎትን ዋጋ አይመዝንም።

ልብም በበኩሉ እስትንፋስን ይገዛል። ልብ ሲደክም ደም በሳንባ ውስጥ ይታጐራል፤ ያን ጊዜ ሰውየው ጥቂት ተራምዶ ያለከልካል፥ በጀርባው ሲተኛም ትንፋሽ ያጥረዋል።

ስለዚህ በኢያሪኮ አጠገብ ያለውን የገዳመ ቆሮንቶስን አቀበት የሚወጣ ተሳላሚ ልቡ ቢፈጥንበት ይቀመጥ፤ ከሚያስገባበት ጊዜ ይልቅ የሚያስወጣበትን አስረዝሞ በዝግታ ይተንፍስ። ጤነኛ ከኾነ ትርታው ጥቂት ቈይቶ ይረጋል። ዐርፎም ትንፋሹ ካልተመለሰ፥ ደረቱን ካመመው ወይም ራሱን ካሳተው ግን ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ብዙ አረጋውያን ይህን እንደ ድካመ መንገድ ቈጥረው፥ ወይም ትሩፋት መስሏቸው ይሸሽጉታል። ተሳላሚዎችን የምትመሩ ካህናት ሆይ፥ በአቀበት ላይ ወደ ኋላ የቀረውን ሽማግሌ ትንፋሹን አስተውሉ፤ አፉ ደኅና ነኝ ቢል እንኳ እስትንፋሱ የልቡን ድካም ይናገራልና።