የመገጣጠሚያ ሕመም ያስታግሣሉ ስለሚባሉ የዕፀዋት እንክብሎች ንግድ

እርድ፥ ዝንጅብልና ጥቁር አዝሙድ ዛሬ በቅመምነታቸው ብቻ ሳይሆን፥ በእንክብልና በዘይት መልክ እየተዘጋጁ የምግብ ማሟያ በሚል ስም በብዙ አገሮች ይሸጣሉ። ከገዢዎቹም መካከል ሩማቶይድ አርትራይተስ በተባለው የመገጣጠሚያ በሽታና በሉፐስ የሚሠቃዩ ሰዎች ይገኛሉ። ቅመሞቹ በአገራችን የሚበቅሉ እንደ መሆናቸው መጠን፥ ላኪውም አስመጪውም ባለ ሱቁም የዚህን ንግድ ጠባይ ማወቅ ይገባዋል።

በመጀመሪያ በሽታው ምን እንደ ሆነ እንመልከት። የሰው አካል ተሐዋስያንን የሚዋጋበት የመከላከያ ኃይል አለው። ይህ ኃይል አንዳንድ ጊዜ ወዳጅን ከጠላት መለየት ተስኖት በገዛ አካሉ ላይ ይዘምታል። በሩማቶይድ አርትራይተስ መገጣጠሚያው ያብጣል፤ በጊዜው ካልታከመም አጥንቱ እየተበላ ይሄዳል፤ የደረሰውም ጉዳት አይመለስም። እንደ ሜቶትሬክሴት ያሉ መድኃኒቶች የሚታዘዙት ይህን ጥፋት ለመግታት ነው።

እርድን ቢጫ የሚያደርገው ኩርኩሚን የተባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፥ መጠኑ ከመቶ ከ2 እስከ 5 የሚደርስ ነው። በጥቂት ሕሙማን ላይ የተደረጉ ምርመራዎች ሕመምንና እብጠትን በመጠኑ እንደሚያስታግሥ አመልክተዋል። ነገር ግን የመገጣጠሚያውን መፍረስ እንደሚያቆም አልተረጋገጠም። ስለዚህ እንክብሉን አምኖ የሐኪሙን መድኃኒት የተወ ሰው ሕመሙ ቀለል ያለው መስሎት ሳለ እጁንና እግሩን ሊያጣ ይችላል።

ከዕፅ የተሠራ ሁሉ ጉዳት የለውም ማለትም ስሕተት ነው። ኩርኩሚን ወደ ደም በቀላሉ ስለማይገባ፥ አምራቾች የቁንዶ በርበሬ ጭማቂ ይጨምሩበታል። በዚህ ዓይነት የተጠናከረ እንክብል ጉበትን እንደ ጎዳ በልዩ ልዩ አገሮች ተመዝግቧል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳይጠይቅ ሊወስደው አይገባም። ኤኪናሺያ የተባለው ዕፅ የመከላከያ ኃይልን የሚቀሰቅስ በመሆኑ፥ ኃይሉ ከልክ ባለፈበት ሕመምተኛ ላይ በሽታውን ሊያባብስ ይችላል።

ሌላው አደጋ ማጭበርበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አርትሪ ኪንግ በተባለው፥ በሳማና በኦሜጋ 3 የተጠናከረ ነው ተብሎ በሚሸጠው እንክብል ውስጥ፥ በመለያው ላይ ያልተጻፉ ዴክሳሜታዞንና ዲክሎፌናክ የተባሉ መድኃኒቶችን ማግኘቱን አስታወቀ። ሕመሙን የሚያስታግሠው እንግዲህ የተሰወረው መድኃኒት ነበር። ዴክሳሜታዞንን ለብዙ ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ቢያቋርጠው ብርቱ አደጋ ያገኘዋል፤ መውሰዱን ካላወቀም ከዚህ ራሱን ሊጠብቅ አይችልም።

በባንግላዴሽም እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. የወጣ ጥናት፥ እርድ ቢጫነቱ እንዲደምቅ እርሳስ ያለበት ሊድ ክሮሜት የተባለ ቀለም ይቀባ እንደ ነበር ገለጠ። መንግሥት ሻጮችን መቅጣትና ገበያውን መመርመር ከጀመረ በኋላ ግን፥ በ2021 ዓ.ም. በተመረመሩት ናሙናዎች ውስጥ ቀለሙ አልተገኘም። ሲበዛ የደመቀ ቢጫነት የጥራት ምልክት አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት፥ የምግብ ማሟያ እንደ መድኃኒት ተመርምሮ ሳይፈቀድ ለገበያ ይቀርባል፤ ሆኖም በሽታን ይፈውሳል ብሎ መጻፍ የተከለከለ ነው። በአገራችንም የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር በዐዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይመራል።

ስለዚህ ላኪው ለእያንዳንዱ ጭነት የእርሳስ መጠን የተመረመረበትን የላቦራቶሪ ወረቀት ቢይዝ መልካም ነው። አስመጪው የአምራቹን ማንነትና የይዘቱን ዝርዝር ከማዘዙ አስቀድሞ ይጠይቅ። ባለ ሱቁም ለደንበኛው «ያድናል» ከማለት ይቆጠብ፤ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነም ሐኪሙን እንዲያማክር ይንገረው። አንድ እንክብል ሳይሸጥ ቢቀር የሚታጣው ትርፍ ጥቂት ነው፤ የደንበኛ ጤናና የነጋዴ ታማኝነት ግን አንድ ጊዜ ከጠፉ በቀላሉ አይመለሱም።