የነፍሳት የውጭ አካልና የተባይ መከላከል ሥራ

በአንድ ቀበሌ «ትል ገባ» የሚል ወሬ ሲሰማ በቅድሚያ የሚጠየቀው «ምን መድኃኒት አለ?» የሚል ነው። ከዚህ በፊት ግን ትሉን ይዞ አገላብጦ ማየት ይገባል። ተባዩ የሚመገብበት አፍ፣ የሚሄድበት እግርና የለበሰው ቆዳ የትኛው መድኃኒት እንደሚደርሰውና እንደማይደርሰው ይናገራሉ። በአባላት መዋጮ የተገዛ መድኃኒት ያለ ቦታው ከተረጨ ገንዘቡም ሰብሉም አብረው ይጠፋሉ።

ነፍሳት የምንላቸው ፍጥረታት ሙሉ ዕድገት ሲያገኙ አካላቸው ራስ፣ ደረትና ሆድ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። በራሳቸው ላይ ዓይን፣ አፍና ሁለት አንቴናዎች አሉ። ስድስቱም እግሮች፣ ክንፍ ካላቸውም ክንፎቹ፣ የሚበቅሉት ከደረት ላይ ነው። ሆድ ምግብ የሚፈጭበትና እንቁላል የሚዘጋጅበት ክፍል ሲሆን፣ በጎንና በጎኑ የመተንፈሻ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። ስለዚህ ነፍሳት የሚተነፍሱት በአፍ አይደለም። እግሩ ስምንት ከሆነ ፍጥረቱ ከሸረሪትና ከመዥገር ወገን ነው። ይህን መቁጠር እንደ ቀላል ነገር መታየት የለበትም። ቅጠል የሚያገረጣው ቀይ ሸረሪት ባለ ስምንት እግር በመሆኑ ብዙዎቹ የነፍሳት መድኃኒቶች አይገድሉትም። እንዲያውም እሱን የሚበሉትን ጠቃሚ ነፍሳት ስለሚጨርሱ ከርጭቱ በኋላ ሊበዛ ይችላል።

ከአካል ክፍሎች ሁሉ ይበልጥ መታየት ያለበት አፍ ነው። አንበጣ፣ ተምችና ጥንዚዛ ወደ ጎን የሚከፈትና የሚዘጋ ጠንካራ መንጋጋ አላቸው፤ ቅጠሉን ቆርሰው ያኝካሉ። በቅጠል ላይ ያረፈ መድኃኒት ከምግቡ ጋር ወደ ሆዳቸው ይገባል። ክሽክሽና ነጭ ዝንብ ግን መንጋጋ የላቸውም። መርፌ የመሰለ አፋቸውን ወደ ተክሉ ውስጥ ሰደው ፈሳሹን ይመጣሉ። ቅጠሉ አይበሳሳም፤ ይገረጣል፣ ይጨማደዳል፣ ወይም በሚያጣብቅ ፈሳሽ ይሸፈናል። ለነዚህ በቅጠል ገጽ ላይ ተቀምጦ መበላትን የሚጠብቅ መድኃኒት አይጠቅምም። ገላቸውን የሚነካ ወይም ተክሉ መጥጦ በፈሳሹ ውስጥ የሚያዘዋውረው ያስፈልጋል። አብዛኛው ክሽክሽ በሆዱ ጫፍ አጠገብ ሁለት ትናንሽ ቱቦዎች ስላሉት በአጉሊ መነጽር ይለያል። የገብስ ክሽክሽ ቱቦዎች ግን እጅግ አጫጭር በመሆናቸው የሉም ያሰኛሉ። ተጠቅልሎ በያዘው የገብስ ቅጠል ውስጥም ስለሚደበቅ ገላን የሚነካ መድኃኒት በቀላሉ አያገኘውም።

ነፍሳት በውስጣቸው አጥንት የላቸውም። አጥንታቸው ቆዳቸው ነው ቢባል ይቀላል። ይህ ቅርፊት በላዩ ስስ የሰም ልባስ ስላለው በገላቸው ያለው ውኃ እንዳይተን ይጠብቃል። ገበሬው ከጥንት ጀምሮ እህልን ከአመድ ጋር ሲያስቀምጥ የሚጎዳው ይህንኑ ልባስ ነው፤ አመዱ ሰሙን ይፍቅና ነቀዙ ደርቆ ይሞታል። እህሉ በደንብ ሳይደርቅ ከገባ ግን የአመዱ ኃይል ይቀንሳል። በቆሎን ወይም ማሽላን ከጤፍ ጋር መቀላቀልም የታወቀ ዘዴ ነው። ጤፉ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ የነቀዙን መተላለፊያ ይዘጋል። ነቀዝ ረጅም አፍንጫ የመሰለ ነገር ስላለው የሚመጥ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚያ ጫፍ ላይ ያለው የሚያኝክ መንጋጋ ነው። ሴቷ በዚሁ ፍሬውን ቦርቡራ እንቁላሏን ትጥልና ቀዳዳውን ትደፍናለች። እጩ እግር የለውም፤ ከፍሬው ውስጥ ሳይወጣ ያድጋል። እንግዲህ በፍሬው ላይ የሚታየው ክብ ቀዳዳ ነቀዙ የወጣበት ነው፤ ያልተበሳ የሚመስለው እህል ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም።

የእጭ ዓይነት በእግሩ ይለያል። የዝንብ እጭ እግር የለውም። በአፈር ውስጥ ሥር የሚበላው ነጭ የጥንዚዛ እጭ ከደረቱ የወጡ ሦስት ጥንድ እግሮች ብቻ አሉት። ተምችና መጤ ተምች ከነዚህ ሌላ በሆዳቸው በኩል አምስት ጥንድ ሥጋማ እግሮች አሏቸው።

የሁለቱን ተምቾች ልዩነት ማወቅ በተለይ መጤው ተምች በ2009 ዓ.ም. በአገራችን ከታየ ወዲህ አስፈላጊ ሆኗል። ብዙ ሰው መጤውን የሚለየው በግንባሩ ላይ ባለው የተገለበጠ «ዋይ» ፊደል መሰል ነጭ መስመር ነው። ይህ ብቻውን አያስተማምንም፤ በነባሩ ተምች ራስ ላይም ፈዘዝ ያለ ተመሳሳይ መስመር ይገኛል። የተሻለው ምልክት በስተኋላ ነው። በመጤው ተምች ከመጨረሻው በፊት ባለው የሆድ ክፍል ጀርባ ላይ አራት ጥቋቁር ነጥቦች አራት ማዕዘን ሠርተው ይታያሉ። ነጥቦቹ ከፍ ያሉና ፀጉር ያላቸው ናቸው። የነባሩ ተምች ጀርባ እንዲህ ያለ ጉብታ የለውም፤ ለስላሳ ነው። ትሉ ገና ትንሽ ሳለ ምልክቶቹ በግልጽ ስለማይታዩ ከአንድ ማሳ ብዙ ትሎችን ማየት ይበጃል።

ልዩነቱ ሥራን ይለውጣል። ነባሩ ተምች በጤፍ፣ በገብስ፣ በበቆሎና በግጦሽ ሣር ላይ በመንጋ ሆኖ በግልጽ ይሄዳል፤ ስለዚህ ርጭት ያገኘዋል። ሦስት ሳንቲሜትር ያህል ከደረሰ በኋላ ግን ወደ አፈር ለመግባት ስለተቃረበ ያን ጊዜ መርጨት ከጥቅሙ ወጪው ይበልጣል። መጤው ተምች ደግሞ በበቆሎው መሐል በተጠቀለሉት ቅጠሎች ውስጥ ገብቶ በራሱ ኩስ ይሸፈናል። ሰፊውን ቅጠል ማርጠብ ትርፍ የለውም። ትሉ ገና ትንሽ ሳለ፣ ማለዳ ወይም ወደ ማታ፣ የመርጫውን አፍ ወደ ጥቅሉ ውስጥ አድርጎ መርጨት ያስፈልጋል። ማሳው አነስተኛ ከሆነ ግን እንቁላሉንና ትሉን በእጅ ለቅሞ መግደል ይመረጣል።

ለመለየት ያስቸገረ ተባይ ሲገኝ ወደ ምርምር ጣቢያ መላክ ነው። ትል በፈላ ውኃ ለአጭር ጊዜ ተነክሮ ወደ አልኮል ከገባ አይጠቁርም። አንቴናውና እግሩ እንዳይሰበር በጣት ሳይጨመቅ፣ የተገኘበት ቦታ፣ ቀንና ሰብል በእርሳስ ተጽፎ ወረቀቱ ከጠርሙሱ ውስጥ ይግባ።