አስቸጋሪው ሻጭ ምን ነካው?

ደላሎች «አስቸጋሪ» የሚሉት ቤት ሻጭ ከጠራው ዋጋ ንቅንቅ የማይል፣ ገዢ በር ላይ ቆሞ ቁልፉ ጠፋ የሚል ሰው ነው። በደላላው ላይ ያለው ጥርጣሬ ግን ስሌት አለው። 10 ሚሊዮን ብር የተጠራ ቤት በ9 ሚሊዮን ቢሸጥ ሻጩ 1 ሚሊዮን ያጣል፤ ኮሚሽኑ 2 በመቶ ከሆነ ደላላው የሚቀርበት 20 ሺህ ብር ነው። ቶሎ መገላገል ያዋጣዋል። ሌቪትና ሲቨርሰን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት የቺካጎ አካባቢ ጥናት፣ ደላሎች የራሳቸውን ቤት ከደንበኞቻቸው 10 ቀን ገደማ አቆይተው፣ ወደ 4 በመቶ አስበልጠው እንደሚሸጡ አሳይተዋል።

ታዲያ ሻጩ ሁልጊዜ ልክ ነው? አይደለም። እሱ ኮትኩቶ ያሳደገው አቮካዶ ለገዢው መኪና ማቆሚያ የሚያጣብብ ግንድ ነው። ይሁንና «አጋነንክ» ብሎ መሟገት ይበልጥ ያደርቀዋል፤ የሚያለዝበው በዚያው ሰፈር በቅርቡ የተሸጡ ቤቶችን ዋጋ ማሳየት፣ የደላላውንም ጥቅም ሳይደብቁ መናገር ነው። አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ ከነጭራሹ ዋጋ አይደለም። ካርታው ገና በሟች አባት ስም ይሆናል፤ ወይም ባለቤቱ መሸጡን አልወደደችውም፣ የባልና ሚስት የጋራ ቤት ደግሞ ያለ ሁለቱም ስምምነት አይሸጥም። እሱ ይህን ለደላላ ከመንገር ዋጋ መስቀል ይቀለዋል።