ዘመዳም አንቲባዮቲኮችን በላቦራቶሪ ስለ ማወዳደር

በጠመንጃ ያዥ ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ ያሉ አንዲት እናት፣ የባክቴሪያ ትምህርት እንደምማር ከሰሙ ወዲህ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁኛል፤ «ልጄ፣ ከአምፒሲሊንና ከአሞክሲሲሊን የሚበረታው የትኛው ነው?» ይሉኛል። እኔም በመጀመሪያ የመሰለኝ፣ ሁለቱን መድኃኒቶች በአንድ ሳሕን ላይ አኑሮ በማስመሪያ በመለካት መልሱ ይገኛል የሚል ነበር። እንዲያውም በልምምድ ክፍል ባቀረብሁት ሪፖርት ላይ «ሰፊ ክብ ያሳየው መድኃኒት ብርቱ ነው» ብዬ ብጽፍ፣ ዐረፍተ ነገሩ በቀይ ቀለም ተሰርዞ ተመለሰልኝ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ዐረፍተ ነገር ስለ ምን ስሕተት እንደ ሆነና ትክክለኛው ማወዳደሪያ ምን እንደ ሆነ ማስረዳት ነው።

አስቀድሞ ስለ ዝምድናቸው ጥቂት እንበል። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 እ.ኤ.አ. ፔኒሲሊንን ካገኘ በኋላ፣ የኬሚስትሪ ሊቃውንት የሞለኪውሉን እምብርት እንዳለ ትተው ጎኑን ብቻ በመለወጥ ብዙ ዘመዶች አወጡለት። አምፒሲሊን በ1961፣ አሞክሲሲሊን በ1972 እ.ኤ.አ. ለሕክምና ቀረቡ። እነ ሴፎታክሲም፣ ሴፍትሪያክሶንና ሴፍታዚዲም ያሉበት የሴፋሎስፖሪን ወገንም ከነዚህ ጋር ይዛመዳል፤ ሁሉም ቤታ ላክታም የተባለውን የሞለኪውል ቀለበት ይይዛሉና። ሥራቸውም አንድ ነው፤ ይኸውም ባክቴሪያው የሕዋሱን ግድግዳ እንዳይሠራ ማገድ ነው። ባክቴሪያውም በበኩሉ ቤታ ላክታሜዝ የሚባል ኤንዛይም አመንጭቶ ቀለበቱን በመስበር መድኃኒቱን ከንቱ ያደርገዋል።

ዛሬም በብዙ ላቦራቶሪዎች የሚሠራበት የወረቀት ዲስክ ዘዴ ባወር፣ ኪርቢ፣ ሼሪስና ተርክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1966 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ሥርዐት የያዘ ነው። በክብ ሳሕን ውስጥ ሙለር ሂንተን የተባለው የረጋ ምግብ በ4 ሚሊሜትር ውፍረት ይዘጋጃል። የባክቴሪያው ብጥብጥ በሚሊሊትር ወደ 150 ሚሊዮን ሕዋስ እንዲይዝ ከተመጠነ በኋላ በምግቡ ላይ በእኩልነት ይቀባል። ከዚያም የታወቀ መጠን መድኃኒት የጠጡ ትንንሽ የወረቀት ዲስኮች ይቀመጡበትና በ35 ዲግሪ ሙቀት ከ16 እስከ 18 ሰዓት ይቆያል። በማግሥቱ ባክቴሪያው ሳሕኑን እንደ ጉም ሲሸፍነው፣ መድኃኒቱ ባገደው ስፍራ ግን ጥርት ያለ ክብ ይታያል። የሚለካው የዚህ ክብ ስፋት ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ ለአዲስ አበባ ተማሪዎች አንድ ማሳሰቢያ አለ። ምግቡ በእንፋሎት ግፊት በ121 ዲግሪ ሙቀት መምከን አለበት። መጻሕፍት ለዚህ የሚሰጡት 15 ፓውንድ ግፊት ለባሕር ወለል የተነገረ ስለ ሆነ፣ በእኛ ከፍታ የግፊት መለኪያው ወደ 19 ፓውንድ ገደማ ሊያሳይ ይገባል። ምግቡ በሚገባ ካልመከነ ሌላ ጀርም ይበቅልበትና ልኬቱ ሁሉ ይበላሻል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ክቡ የሚሰፋው መድኃኒቱ ብርቱ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። በጨርቅ ላይ የተንጠባጠበ ውሃ ቶሎ ሲሰራጭ ወፍራም ዘይት ግን ባለበት እንደሚዘገይ ሁሉ፣ አንዳንዱ ሞለኪውል በረጋው ምግብ ውስጥ ፈጥኖ ይሄዳል፤ አንዳንዱም ይዘገያል። በዲስኩ ላይ ያለው መጠንም ከመድኃኒት መድኃኒት ይለያያል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መድኃኒት የየራሱ ወሰን ተቆርጦለታል።

የአሜሪካው የክሊኒክና የላቦራቶሪ ደረጃዎች ተቋም ካወጣቸው ወሰኖች ጥቂቱን እንመልከት። ስታፊሎኮከስ ኦሬውስ በተባለው ባክቴሪያ ላይ፣ 10 ዩኒት የያዘ የፔኒሲሊን ዲስክ «ባክቴሪያው ይሸነፋል» የሚያሰኘው ክቡ 29 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። 30 ማይክሮግራም የያዘው የሴፎክሲቲን ዲስክ ግን በ22 ሚሊሜትር ያሸንፋል፤ ይህም ለክሎክሳሲሊን ምስክር ሆኖ ያገለግላል። እንግዲህ በአንድ ሳሕን ላይ ፔኒሲሊን 28፣ ሴፎክሲቲን 22 ቢያሳዩ፣ ሰፊው ክብ የተሸናፊው፣ ጠባቡ የአሸናፊው ነው ማለት ነው። ከዚህም በላይ የፔኒሲሊኑ ክብ 29 ቢሞላ እንኳ ጠርዙ እንደ ገደል ድንገት የተቆረጠ ከሆነ፣ ባክቴሪያው መድኃኒቱን የሚሰብረውን ኤንዛይም እንደሚያመነጭ ስለሚያመለክት ፔኒሲሊን አይታዘዝም።

በሆድ ዕቃ ባክቴሪያዎች ላይም እንዲሁ ነው። ለሴፎታክሲም ወሰኑ 26፣ ለሴፍትሪያክሶን 23፣ ለሴፍታዚዲም 21 ሚሊሜትር ነው። በሦስቱም ዙሪያ 23 ሚሊሜትር ብንለካ፣ ሁለቱ ይሠራሉ ሲባል ሴፎታክሲም ግን አጠራጣሪ ከሚባለው ክፍል ይገባል። ልኬቱ አንድ፣ ፍርዱ ግን ሁለት ነው።

«ታዲያ በማስመሪያ ፈንታ በማቅጠን ዘዴ ብንሠራስ?» የሚል ይኖር ይሆናል። በዚህ ዘዴ መድኃኒቱ 32፣ 16፣ 8፣ 4 ማይክሮግራም በሚሊሊትር እየተባለ በየቱቦው በግማሽ ይቀንሳል፤ እድገትን ያገደው ዝቅተኛ መጠንም ይመዘገባል። የሥርጭት ፍጥነት እዚህ አያሳስተንም። ነገር ግን ቁጥሩ ደግሞ መድኃኒቱ በሰው ደም ውስጥ ምን ያህል እንደሚደርስ ካልታሰበ ትርጉም የለውም። ኢ. ኮላይ በ4 ማይክሮግራም አምፒሲሊን ከታገደ ተሸናፊ ይባላል፤ በ4 ማይክሮግራም ሴፍትሪያክሶን ከታገደ ግን መድኃኒቱን የሚቋቋም ነው።

ይህ ሲባል ሁለት ክቦች ፈጽሞ አይወዳደሩም ማለት አይደለም። መድኃኒቱ አንድ ሆኖ የተለወጠው ነገርም አንድ ብቻ ከሆነ፣ ማወዳደሩ የተገባ ነው። አንዱ ዲስክ ሴፎታክሲምን ብቻ፣ ሌላው ሴፎታክሲምን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር ይያዝ። ክላቩላኒክ አሲድ የባክቴሪያውን ኤንዛይም የሚያስር ነው። የሁለተኛው ክብ ከመጀመሪያው በ5 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ቢሰፋ፣ ባክቴሪያው ሴፋሎስፖሪኖችን ጭምር የሚሰብር ሰፊ ኃይል ያለው ኤንዛይም እንዳለው ተረጋገጠ። በዚሁ በልደታ ክፍለ ከተማ ባለው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተደረጉ ጥናቶች እንዲህ ያሉ የኢ. ኮላይና የክሌብሲዬላ ዓይነቶች በሕሙማን ላይ መገኘታቸውን አሳይተዋል። ሴፍትሪያክሶን በሆስፒታሎቻችን እጅግ ከሚታዘዙት አንዱ ስለ ሆነ፣ ይህች የ5 ሚሊሜትር ልዩነት የአንድን ሕመምተኛ ዕጣ ልትወስን ትችላለች። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተመረጡ ላቦራቶሪዎች ስለ መድኃኒት መቋቋም መረጃ መሰብሰብ መጀመሩ ስለዚህ ነው።

አሁን ለጎረቤቴ ጥያቄ መልስ መስጠት ይቻላል። በሳሕኑ ላይ አምፒሲሊንና አሞክሲሲሊን እጅግ ስለሚቀራረቡ፣ የአምፒሲሊን ዲስክ ውጤት ለአሞክሲሲሊንም ያገለግላል። ልዩነታቸው በጨጓራና በአንጀት ነው፤ በአፍ ሲወሰድ አሞክሲሲሊን ወደ ደም የሚገባው በብዛት ሲሆን፣ አምፒሲሊን ግን ያነሰ ይገባል፤ ምግብም ያውከዋል። ኤንዛይም ያለው ባክቴሪያ ሲመጣባቸው ግን ሁለቱም አብረው ይወድቃሉ።

ይህን ያህል አስረድቼ ስጨርስ፣ እኒያ እናት ከመሀረባቸው ቋጠሮ ውስጥ ካለፈው ሕመም የተረፉ አምስት የአሞክሲሲሊን እንክብሎች አውጥተው አሳዩኝ። የልጅ ልጃቸው ጉንፋን ይዞት ኖሮ ሊሰጡት አስበው ነበር። «እማማ፣ ጉንፋን ከቫይረስ የሚመጣ ስለ ሆነ ከሁለቱ አንዱም አያድነውም፤ ሕመሙ ከበረታበት ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያው የሚጠየቀው የትኛው ይበረታል ሳይሆን፣ የያዘው ምንድር ነው ኖሯል» አሉ። እኔ በቀይ ቀለም የተማርሁትን እርሳቸው በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሱት።