ክፍያ ወይስ ግብር? የኬምፕተን በንተን ክርክር በ«ዘ ዱክ» ፊልም

ዛሬ የማነሣው በሮጀር ሚሼል የተዘጋጀውንና በ2020 በቬኒስ ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውን «ዘ ዱክ» የተሰኘ የእንግሊዝ ፊልም ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ብዙ ተመልካች የሚያስታውሰው የሥዕሉን ስርቆት ነው። እኔ ግን የግብር ሕግ አስተማሪ ነኝና ልቤን የሳበው ከስርቆቱ የሚቀድመው የቤት ውስጥ ሙግት ነው።

ጂም ብሮድቤንት የሚጫወተው ኬምፕተን በንተን በኒውካስል የሚኖር፣ ዕድሜው ወደ ስድሳ የተጠጋ ድኻ ሠራተኛ ነው። የቴሌቪዥን ፈቃድ ተቆጣጣሪዎች ቤቱ ሲመጡ፣ ቢቢሲን የሚቀበለውን ጥቅልል ሽቦ ከመሣሪያው እንዳወጣ፣ የሚያየውም የንግድ ጣቢያውን ብቻ እንደ ሆነ ያስረዳል። ያላየሁትን ስለ ምን እከፍላለሁ ነው ነገሩ። ሰሚ አላገኘም፤ ታሰረ።

ክርክሩ የሞኝ ክርክር አይደለም። ክፍያ ላገኙት አገልግሎት የሚሰጥ ዋጋ ነው፤ ግብር ግን ቀጥተኛ ምላሽ ሳይጠበቅበት በሕግ የሚጣል ግዴታ ነው። የእንግሊዙ ሕግ ስሙን «ፈቃድ» ይበለው እንጂ ገንዘቡን የሚጠይቀው መቀበያውን ስለ ተጠቀሙ ነው፤ የትኛውን ጣቢያ እንዳዩ አይመረምርም። በንተን ክፍያ መስሎት ተሟገተ፣ መንግሥት እንደ ግብር አስከፈለው። በሕጉ ፊት ተሸናፊ ነበር፤ ስያሜው አሳሳች መሆኑን በማሳየት ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ከተቆጣጣሪዎቹ ይልቅ ግልጽ ነበር።

በ1961 የጎያ ሥዕል፣ የዌሊንግተን መስፍን ምስል፣ ከአገር እንዳይወጣ በ140,000 ፓውንድ ሲገዛ 40,000ው ከመንግሥት ካዝና ወጣ። በነሐሴ ወር ሥዕሉ ከናሽናል ጋለሪ ጠፋ። በኋላ የተላኩት ደብዳቤዎች የጠየቁት፣ ለድኾች የቴሌቪዥን ፈቃድ የሚከፈልበት የዚያኑ ያህል ገንዘብ ነው። በጀት ምርጫ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ በክፍል ውስጥ አላገኘሁም።

ፊልሙ ዓመታቱን አጥብቦ ያሳያል እንጂ ችሎቱ የተካሄደው በ1965 ነው። ጠበቃው ጀረሚ ሃቺንሰን፣ ሥዕሉን ለዘለቄታው የመውሰድ ሐሳብ አልነበረም ሲሉ ተከራከሩ። ጁሪው በሥዕሉ ነፃ አወጣው፣ ስላልተመለሰው ክፈፍ ብቻ ጥፋተኛ አለው፤ ሦስት ወር ተፈረደበት። ፓርላማው በ1968 የስርቆት ሕጉ ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ቦታ የታየ ዕቃን ማውጣት ራሱን የቻለ ወንጀል አደረገ።

የፈቃዱ ገንዘብስ? ከ75 ዓመት በላይ ለሆኑት በ2000 ነፃ ሆነ። ፊልሙ ለዕይታ በበቃበት በዚያው በ2020፣ በኦገስት ወር፣ ነፃነቱ የድጎማ ጡረታ ለሚቀበሉ አረጋውያን ብቻ ተወሰነ።