ተርሚኒ፦ በአምስት መቶዎቹ አደባባይ ያለው ጣቢያ

ከሮም ዋና ባቡር ጣቢያ ሻንጣውን እየጎተተ የወጣ ኢትዮጵያዊ የአደባባዩን ስም ቢጠይቅ መልሱ ወደ አገሩ ይመልሰዋል። «ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ»፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶ የተባሉት በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የተደመሰሱት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ለመታሰቢያቸው ከጥንታዊት ግብፅ የመጣ ሐውልት በጣቢያው ፊት ቆመላቸው፤ ኋላ ላይ ጥቂት ርቀት ፈቀቅ ተደርጎ ዛሬም እዚያው ሰፈር ይገኛል።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ1923 ዓ.ም. ለዘውድ በዓል ለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት የተተከለውን የይሁዳ አንበሳ ወራሪው የጣሊያን ጦር ነቅሎ ሮም ወሰደው፤ ከዚሁ የዶጋሊ ሐውልት ሥርም አኖረው። ኤርትራ የተወለደው ወጣት ዘርዓይ ደረስ በሰኔ 1930 ዓ.ም. አንበሳውን ባየ ጊዜ ተንበርክኮ ጸለየ፤ ጣሊያኖች ሊያስነሡት ሲሞክሩም ጎራዴውን መዘዘ። ተይዞ ወደ አገሩ ሳይመለስ ሲሲሊ ውስጥ ሞተ። አንበሳው ግን ተመልሶ ለገሃር ቆሟል።

«ተርሚኒ» የሚለው ስም የመስመር መጨረሻ ማለት ይመስላል፤ አይደለም። ከጣቢያው ማዶ ፍርስራሹ ከሚታየው ከንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ ታላቅ መታጠቢያ ቤት፣ «ቴርሜ» ከሚሉት፣ የመጣ ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዓመተ ሰማዕታትን የምትቆጥረው ከዚሁ ንጉሥ ዘመን ጀምሮ ነው። የዛሬው የፊት አዳራሽ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1950 ሲሆን፣ እንደ ማዕበል የሚወርድ ጣሪያውን ሮማውያን «ዳይኖሰር» ይሉታል። ከጎኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የተገነባ የከተማ ቅጥር ቆሟል። ባቡር ሊሳፈር የሚሮጥ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ እይታ የሚያገኝበት ሌላ ጣቢያ ማግኘት ይከብዳል።

ከተርሚኒ የሚነሡት ፈጣን ባቡሮች የመንግሥቱ «ፍሬቻሮሳ»፣ ቀይ ቀስት ማለት ነው፣ እና እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው የግሉ «ኢታሎ» ናቸው። በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር ይሮጣሉ። ናፖሊ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በላይ፣ ፊሬንዜ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሚላኖ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። የሮም-ፊሬንዜ መስመር የመጀመሪያው ክፍል የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው፤ በአውሮፓ ለፈጣን ባቡር ከተሠሩት ሁሉ ቀዳሚው ነው።

አዲስ መንገደኛን የሚያደናግረው የጣቢያው የመነሻ ሰሌዳ ነው። ባቡሩ በመጨረሻ የሚደርስበትን ከተማ በትልቁ ይጽፋል፤ ስለዚህ ፊሬንዜ የሚወርድ ሰው «ሚላኖ» ወይም «ቬኔሲያ» የሚለውን መፈለግ ሊኖርበት ይችላል። በትኬቱ ላይ ያለውን የባቡር ቁጥር ማየት ይሻላል። «ፓርቴንሴ» መነሻ፣ «አሪቪ» መድረሻ፣ «ቢናሪዮ» የሀዲዱ ቁጥር፣ «ሪታርዶ» መዘግየት ነው። አማርኛ «ፌርማታ»ን ከጣሊያንኛ ስለወሰደ አንዱ ቃል ሳይማሩት የታወቀ ነው።

የፈጣን ባቡር ትኬት ቀኑና ወንበሩ የተወሰነ ነው፤ ቀደም ብሎ የገዛ በአብዛኛው በርካሽ ያገኘዋል። ወደ አጎራባች ከተሞች የሚሄደው «ሬጆናሌ» ዋጋው የተወሰነ ነው፤ የወረቀት ትኬቱን ግን ከመሳፈር በፊት መሳፈሪያው ላይ ባለው ትንሽ ማሽን ቀንና ሰዓት ማስመታት ግድ ነው። ያላስመታ፣ ገንዘብ ከፍሎ የገዛም ቢሆን፣ ይቀጣል። አንዳንድ ፈጣን ባቡሮች ደግሞ ከተርሚኒ ሳይሆን ከቲቡርቲና ጣቢያ ስለሚነሡ ትኬቱ ላይ የጣቢያውን ስም ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ከፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ የሚመጣው «ሌዎናርዶ ኤክስፕረስ» መንገድ ላይ ሳይቆም በ32 ደቂቃ ተርሚኒ ያደርሳል። እዚያ የሚወርድ አንባቢ ወደ ሆቴሉ ከመሮጡ በፊት በ«ቪያ ዴሌ ቴርሜ ዲ ዲዮክሌሲያኖ» በኩል ይለፍ፤ የዶጋሊው ሐውልት ያለው እዚያ ነው።